ከአጥር ውስጥ የተማርኩት ሶለል

የእርጥብ ከበሮ ድምፅ ከሌላው ይለያል። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፣ ሲመቱት አይጮህም፣ ከግድግዳ ማዶ ሰው እህል እንደሚወቅጥ ዱፍ ዱፍ ይላል እንጂ፤ ልጃገረዶቹም ፀሐይ ብቅ እስክትል ጠብቀው ድንጋይ ላይ ያሰጡትና፣ እየደጋገሙ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ «ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» ይባባላሉ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው፣ ቆቦ ከምኖርበት ቤት ጀርባ ያንን ድምፅ ሰማሁት። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። አስፋልቱ ላይ ባጃጁ ይጮሃል፣ የሚኒባሱ ረዳት ወልዲያ ወልዲያ ይላል፣ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሰማሁት ያንን የታፈነ ድምፅ ብቻ ነበር።

ልጄ ሜሮን ከቤት ወጥታ አጠገቤ ቆመች። «እማ፣ ዘንድሮ ሶለል ልወጣ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ይወጣሉ» አለችኝ። እኔም ቀና ብዬ ሳላያት «እስቲ አያለሁ» አልኳት። አያለሁ ስል አይሆንም ማለቴ እንደሆነ ታውቃለች፤ ተመልሳ ገባች።

ሶለል ማለት፣ ለማያውቀው ልንገር፣ በእኛ በራያ ቆቦ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ የሚጨፍሩበት በዓል ነው። ያላገቡት ናቸው የሚወጡት፤ ያገባች ሴት በሯ ላይ ቆማ ታያለች። ጦርነቱ በዚህ በኩል ካለፈ ወዲህ እኔ በር ሲንኳኳ የምደነግጥ ሰው ሆኛለሁ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን በቅጡ ሳልለብስ እስከ አስፋልቱ እወጣለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ፍርሃቴ የጦርነቱ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊትም ነበረኝ፤ እናቴ ቤት ሆኜ ያደግኩበት ነው።

የተወለድኩት ከቆቦ በታች፣ የዞብል ተራራ ፊት ለፊት ከሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። ቤታችን ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመ ነበር፤ አጥሩ እሾህና ቁልቋል፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ማሽላ ብቻ። ማሽላው ሲያድግ ጎረቤት የሚባለው ነገር ከነጭሱ ይጠፋብን ነበር። እናቴ ደብሪቱ ብዙ ወልዳ ሁለት ብቻ ቀርተንላት ነበር፣ እህቴ ስንዱና እኔ። ስንዱ በብዙ ዓመት ስለምትበልጠኝ ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከበሬዎቹ ጋር የሚያወራው ከእኛ ጋር ከሚያወራው ይበዛ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ አባቴ እርሻው ላይ ሊያዞረው አካፋውን ይዞ ሲወጣ፣ ግቢው ለእኔና ለእታለም ይቀር ነበር። እሷ የሰፈሩ ልጃገረዶች አውራ ነበረች፤ ከበሮውን የምትመታውም፣ ዘፈኑን የምታወጣውም እሷው ነበረች። እናቴ በጾም ከበሮ አትወድም ነበርና፣ እታለም እኔን ድንጋይ ላይ ታስቀምጠኝና ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ዜማውን በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ትለማመድ ነበር። የእኛ አገር ጭፈራ ቸኩሎ አይነሳም። እግር መሬቱን ቀስ እያለ ይነካል፣ ጉልበት ይላላል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ከዚያ አንገት፣ ሰውነት ሁሉ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። «እግርሽ ካልሰማ ትከሻሽ አይሰማም» ትለኝ ነበር። እኔም ከተቀመጥኩበት ሆኜ እግሯን አያለሁ፤ በወዲህ በኩል ስትነሳ በወዲህ በኩል፣ በወዲያ በኩል ስትነሳ በወዲያ በኩል እግሬን አነቃንቃለሁ። የዓለም ጭፈራ ሁሉ እዚያ ድንጋይ ፊት ለፊት ያለ ይመስለኝ ነበር።

የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው እንግዲህ። የሶለል ዕለት ልጃገረዶቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሜዳ ላይ ወጥተው ነበር። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፤ ያገቡት ሴቶች እልል ይላሉ። እኔ እናቴ ጉያ ሆኜ እታለምን አያት ነበር፤ ከበሮውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ፀጉሯ በቅቤ ርሶ፣ ዓይኗ ተኩሎ፣ ያቺ በየቀኑ ከእኔ ጋር ውኃ የምትቀዳው እህቴ አልመስልሽ አለችኝ። እናቴና እኔ ቀድመን ወደ ቤት ተመለስን። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ስትመለስ፣ ወንዙ ዳር የጠበቁ ሰዎች ይዘዋት ሄዱ። ልጃገረዶቹ እየጮኹ መጡብን፤ ሣሩ ወገባቸው ላይ እንደታሰረ ነበር። አባቴ ዱላውን አንስቶ ወጣ፣ በማግስቱ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ወስደዋት የነበረው ወደ ጎብዬ በኩል ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ ገባ። ከደጃችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ብዙ ተናገሩ፣ ተማማሉ፣ ታረቁ። እታለም ምን እንደምትል የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እናቴ ከበሮውን ከተሰቀለበት አውርዳ ለእትዬ ዘይነባ ሰጠቻት፤ እትዬ ዘይነባ ከማሽላው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ነች። «ውሰጂልኝ ከዚህ ቤት፤ ከበሮ ልጄን በላብኝ» አለቻት። እትዬ ዘይነባም ከበሮውን እያገላበጠች አይታ «ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ይሄ ጥርስ የለውም እኮ ደብሪቱ» ብላ፣ እናቴ እንዳልሳቀች ስታይ ይዛው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አጥሩ የእኔ ሆነ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቁጣም አታውቅ፤ ፍርሃት ብቻ ነበር የገባባት። ውኃ ስንወርድ ፊቷ ታስቀድመኝና ከኋላዬ ትመጣለች፣ እንጨት ስለቅም ስሜን እየጠራች «ወርቄ፣ አለሽ?» ትለኛለች፣ «አለሁ» እላታለሁ፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትጠራኛለች። ትምህርት ቤት ጀምሬ ነበር፤ መንገዱ ረጅም ነው ብላ አስቀረችኝ። ፊደሉን እንዳልረሳ በአመድ ላይ በጣቴ እጽፍ ነበር፤ የተቀረውን ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። የሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ መጀመሪያ በአጥሩ ቀዳዳ ይጠሩኝ ነበር። እየቆዩ ተውኝ፤ ልጅ መልስ የማይሰጠውን ሰው ብዙ አይጠራም።

መስከረም አልፎ ማሽላው እሸት ሲሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር። ግሪሳው ወፍ ከቆላው እንደ ደመና ይመጣና፣ ካልተጠበቀ የዓመት ድካም በአንድ ጠዋት ባዶ አገዳ አድርጎት ይሄዳል፤ እናም አባቴ እርሻው መሀል በእንጨት ከፍ አድርጎ ማማ ሠርቶ እኔን እዚያ ላይ ያወጣኝ ነበር። ማማው ከቤት ስለሚታይ እናቴም ትፈቅዳለች። ወንጭፌን ይዤ፣ የጭቃ ድብልብሌን ደርድሬ፣ ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ እውላለሁ። ወፉ ሲያርፍ እጮሃለሁ፣ ወፉ ሲነሳ ሜዳው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል እጨፍራለሁ። ማማው ጠባብ ስለነበር ወደ ፊት መሄድ አይቻልም፣ ባለሁበት እረግጣለሁ፣ እንጨቱ ከሥሬ ጢው ጢው ይላል። ከፊቴ እታለም ያለች ይመስለኝና ያኔ ያየሁትን እግር በሐሳቤ እያየሁ እከተላለሁ። በየዓመቱ ማሽላው ይበስላል፣ በየዓመቱ እኔ እዚያ ላይ ከፍ እላለሁ። ከታች የሚያልፍ ሰው ሲያየኝ ይስቃል፤ አንድ ቀን የግመል ነጋዴዎች ቆመው አይተውኝ አንዱ «ይቺ ልጅ ወፍ ጠባቂ ነች ወይስ ወፍ?» ሲል ሰማሁት። ወርጄ ጥንቅሽ ቆርጬ እያኘክሁ እስኪያልፉ ተደበቅኩ። ሰው አይቶኝ ያወቀው ጭፈራዬ ያ ብቻ ነበር።

አውድማው ተወቅቶ፣ እህሉ ገብቶ፣ ጥር ሲመጣ ሠርጉ ይበዛ ነበር። እናቴ ጥሪ መቅረት ነውር ስለሆነባት ትሄዳለች፤ እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች፤ ግን ቀሚሴን በጣቷ እንደያዘች ነው የምትቀመጠው። ከአሮጊቶቹ መሀል ሆኜ አያለሁ። ወንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሆ እያሉ ክብ ገጥመው ይመጡና መሬቱን በአንድ እግር ሲመቱት አቧራው እስከ ዳሱ ጣሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይነሳሉ፣ መሬት የለቀቀቻቸው እስኪመስል ድረስ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ በትከሻቸው ይተላለፋሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። እግሬ ቀሚሴ ውስጥ ይነቃነቃል። እናቴ ታየውና ሳትቆጣ እጇን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች። ከባድ እጅ አልነበረም፤ ግን ጉልበቴ ዝም ይላል።

በጋው ደረቅ ነበር። ነፋሱ አቧራውን ከሜዳው እያነሳ ያዞረዋል፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኖ ጉድጓድ ቆፍረን እንቀዳለን፣ ቀኑ አያልቅም። እታለም በእነዚያ ዓመታት አንዳንዴ ብቻ፣ ከባሏ ዘመዶች ጋር ለበዓል ትመጣና በማግስቱ ትመለስ ነበር። ልጅም ቶሎ አልረጋላትም። በመጨረሻ የያዘችው ፅንስ ሲገፋ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው በሚለው ወግ መሠረት፣ ክረምቱ ሲቃረብ በበቅሎ አምጥተው ለእናቴ አስረከቧት።

እኔ እንግዲህ ያኔ አሥራ ሁለት ሳይሆነኝ አይቀርም። እታለም ከመጣች ብቸኝነቱ ያበቃል ብዬ ነበር። ግን የመጣችው ሌላ ሰው ነች። በዝግታ ትናገራለች፣ ተቀመጪ ካላሏት አትቀመጥም፣ በገዛ እናቷ ቤት እንደ እንግዳ ውኃ ለመጠጣት ታስፈቅዳለች። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ «እታለም፣ እንደ በፊቱ አሳዪኝ» አልኳት። ሆዷን ደግፋ ቆመች። «እኔ አሁን የሰው ሚስት ነኝ፣ ወርቅዬ። ረስቼዋለሁ» አለች። የረሳች አልመሰለኝም። ሴት ልጅ ወለደች፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ሁለታችንንና ሕፃኗን በአንድ ጣሪያ ሥር ቆልፋ ስታድር፣ ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያን ክረምት ብቻ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ ሶለል ደረሰ። የዚያን ዓመት የልጃገረዶቹ አውራ ለምለም የምትባል ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ ነበረች። ከእታለም ነገር ወዲህ ልጃገረዶቹ የእኛን ደጅ ሳያንኳኩ በሩቁ ነበር የሚያልፉት፤ በዚያን ቀን ግን ከበሮው ከማሽላው መሀል እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ከበራችን ላይ ቆመ። እናቴ የመዝጊያውን እንጨት ወደ አጥሩ በር ገፋችው። ያልተከፈተ በር ሲያጋጥማቸው ልጃገረዶቹ ቤቱን በዘፈን መስደብ ወጋቸው ነው፤ ለምለም ግን አልሰደበችም፣ እንዲህ ብላ አወጣች፦

«እማማ ደብሪቱ በሩን ክፈቺልን፣
ያቺን አንድ ልጅሽን ለዛሬ አውሺን።»

ሌሎቹ ተቀብለው ደጋገሙት። እናቴ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ቆማ ሰማች፣ ሰማችና ድምፅዋን ሳታነሳ «የፊተኛዋን ያዋስኳችሁን መች መለሳችሁልኝ?» አለቻቸው። ከበሮው ቀጥ አለ።  እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል፤ ልሂድ ብዬ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ እንደሚቻል ረስቼው ነበር።

እትዬ ዘይነባ ለአራሷ ገንፎ ልታገንፋ መጥታ እቤት ነበረች። ማማሰያውን ይዛ ብቅ አለችና «አንቺ ደብሪቱ፣ ይቺን ልጅ እያሳደግሻት ነው እየደበቅሻት?» አለቻት።

«ምን ላድርግ ዘይነባ፤ አንዴ ተቃጥያለሁ።»

«ተቃጥለሻል፣ አላህ ያውቃል። ግን እሳት ፈርቶ ጥሬ የሚበላ አለ?»

ያን ጊዜ ነው እታለም ከውስጥ የወጣችው። አራስ ነችና ደጃፉን አልተሻገረችም፤ ሕፃኗን ታቅፋ መቃኑ ላይ ቆመች። ተወስዳ ከሄደች ጀምሮ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እናቴም ጠይቃት አታውቅም። «እማ» አለች፣ «እኔን የወሰደኝ ሶለል አይደለም። ሰው ነው። እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ፣ አባቴም ያውቃል፣ ሽማግሌውም ያውቅ ነበር። ከበሮውን ትፈርዱበታላችሁ እንጂ እነሱንማ አብልታችሁ ሸኛችኋቸው።»

 አባቴ ከበረቱ በኩል ቆሞ ነበር፤ ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ።  ከዚያ እናቴ ጎንበስ ብላ የገፋችውን እንጨት አነሳችና በሩን ከፈተች። ለምለም ከወገቧ ሣር ቀንሳ አቀበለቻት፤ እናቴ ራሷ አሰረችልኝ፤ ሁለት ጊዜ ፈትታ ደግማ አሰረች። በሰላም ዋዪ አላለችኝም። የአባቴን ዱላ ከጥጉ አነሳችና «እኔም እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። ያን ቀን ሙሉ፣ ልጃገረዶቹ ከቤት ቤት ሲዞሩ፣ እናቴ ዱላዋን ይዛ ከኋላችን ነበረች። በየደጁ ሰዉ ይስቅ ነበር። «ደብሪቱ፣ ሶለል ወጣሽ? ሣሩስ የት አለ?» ይሏታል። «እናንተ እዩ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ትላለች፤ ዓይኗን ከጀርባዬ አታነሳም። እኔም ለስንት ዓመት የናፈቅሁት ነገር ውስጥ ገብቼ፣ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አልገጥም አልኩ። ሁሉም በቀኝ ሲነሱ እኔ በግራ እነሳለሁ፤ ሁሉም ወደዚህ ሲሉ እኔ ወደዚያ። ፊት ለፊት ገጥመን በትከሻ ስንተላለፍ ከአንዷ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ለምለም ከበሮዋን ሳታቆም «ይቺ ደሞ ከማን ጋር ነው የምትጨፍረው? ከጥላዋ ጋር?» አለች፤ ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ራሷ ክንዴን ይዛ በቀኝ ልታስጀምረኝ ሞከረች፤ ከበሮው ሲፈጥን ግን እግሬ ወደ ለመደው ይመለሳል። እየቆዩ ልጆቹ ሳይነጋገሩ ከሰልፉ ጫፍ፣ ማንንም የማልጋጭበት ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ከሰው ጋር ሆኜ እንኳ ማማው ላይ ነበርኩ።

ሲመሽ ወደ ቤታችን ሸኝተውኝ፣ እናቴ ስለከፈተች ለምስጋና ግቢያችን ውስጥ አንድ ዙር ጨፈሩ። እኔ ወደ ቤቱ ዞሬ ነበር፤ እታለም መቃኑ ላይ ቆማ እግሬን ታያለች። ፈገግ አለች፤ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። «ከፊት ለፊት ነዋ ያየሽኝ» አለችኝ። «ቀኜ ለአንቺ በግራሽ በኩል ነበር። እኔም አላሰብኩት፣ ከጎኔ አላቆምኩሽ።» ከዚያ ሕፃኗን እንደታቀፈች፣ ሳትረግጥ፣ ደጃፉን ሳትሻገር፣ ትከሻዋን ብቻ ነቅነቅ፣ አንገቷን ሳብ አደረገች። እሷ በቀኝ እኔ በግራ፣ ውኃ ላይ እንደሚታይ መልክ ገጠምን። ጥቂት ጊዜ ብቻ። ሕፃኗ አለቀሰችና ገባች። ክርስትናው ካለፈ በኋላ መጥተው ወሰዷት፤ እኔም ከዚያ በኋላ ጥቂት ሶለሎች ወጥቼ፣ እናቴም ከኋላዬ ወጥታ፣ በግራ እንደተነሳሁ ተዳርኩ። እግሬ እስከ መጨረሻው አልተቃናም።

እታለምም እናቴም አሁን የሉም። የልጅነቴን ሶለል አብሮኝ የሚያስታውስ ሰው የለኝም፤ ለዚህም ይሆናል የጻፍኩት።

ዘንድሮ ያን የከበሮ ድምፅ በሰማሁ በጥቂት ቀን፣ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ግቢ አየሁ። ልጆቹ ይለማመዳሉ፤ ሜሮንም ሳትነግረኝ እዚያ ነበረች። ልጣራ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ማታ እራት ስንበላ «ውጪ» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና «እውነትሽን ነው? አያለሁ አላልሽም?» አለች። «አየሁ» አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን እማ፣ አንቺ ከኋላ እንዳትመጪ። ይስቁብኛል» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በዓሉ ዕለት በእኛ ሰፈር በኩል አለፉ። መጀመሪያ ባጃጆች መንገድ ለቀቁ፣ ከዚያ ከበሮው መጣ፣ ከዚያ ሣሩ። እኔ እንዳልኩት ከደጄ አልተንቀሳቀስኩም፤ መቃኑን ይዤ ቆምኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥልፍ ለብሰዋል፣ ሁሉም በአንድ እግር ይነሳሉ፣ በአንድ እግር ያርፋሉ፤ የእኔዋ ከሰው ጋር ነውና የተማረችው፣ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ፈልጌ፣ ፈልጌ፣ ሳላገኛት ሰልፉ በመስጊዱ በኩል ታጠፈ። እናቴ ያኔ ይህ ችግር አልነበረባትም። ዱላዋን ይዛ ከየትም ርቀት ብትቆም፣ በግራ የምትነሳዋን ማየት ብቻ ይበቃት ነበር።